ቀነ ገደቡ ለእኛ ብቻ ነው

ጀርመን አገር ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወረቀት ላይ ያርፋል። "ተርሚን (ቀጠሮ) አገኘህ?"፣ "አውፈንትሃልትሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) መጣ?"፣ "ለኢሜይሉ መለሱልህ?" መባባል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ይሁን ባቡር ጣቢያ፣ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱም ያው ነው፤ "እየጠበቅሁ ነው።" እኔም እየጠበቅሁ ነው። ብርዱን ለምደነዋል፣ ሥራውንም ችለነዋል፤ ደጅ መጥናቱ ግን አልለመድ ብሎናል።

ሕግ ለምን ኖረ አልልም። በሰው አገር የሚኖር ሰው ማንነቱንና አድራሻውን ማሳወቅ፣ የተጠየቀውን ማስረጃ ማቅረብ እንዳለበት ይገባኛል። እሮሮዬ ቀነ ገደብ የሚባለው ነገር የሚይዘው እኛን ብቻ በመሆኑ ነው። እኛ አንድ ቀን ብናሳልፍ ጥፋተኞች ነን፤ መሥሪያ ቤቱ ዓመት ቢያሳልፍ ጠያቂ የለውም።

እስቲ የእኛን ግዴታ ልቁጠረው። ቤት የቀየረ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ አዲሱን አድራሻ ማስመዝገብ አለበት። ለዚያ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አከራዩ ዛሬ ነገ እያለ ቢያጉላላም ሁለቱ ሳምንት መቆጠራቸውን አያቆሙም። የመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያ ማመልከቻ ፈቃዱ ሳያልቅ መግባት አለበት። የደመወዝ ወረቀቱ የቅርብ ጊዜ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ሙሉ፣ የጤና መድን ማስረጃው የታደሰ መሆን አለበት። ፎቶግራፍ እንኳ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረቀት የታተመው ቀርቶ እዚያው ቢሮ ወይም በተፈቀደለት ፎቶ ቤት በዲጂታል የተነሣ ካልሆነ አይቀበሉም። ይህን ሁሉ እናደርጋለን። ከሥራ አስፈቅደን፣ ልጅ ለጎረቤት ትተን፣ ቅጂ በቅጂ ላይ ደርበን በቀኑ እናቀርባለን።

ከዚያ በኋላ ዝም ይሉናል። ጀርመን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጡ ከ500 የሚበልጡ የውጭ ዜጎች ቢሮዎች አሉ። ሕጉ የፌዴራል ነው፣ አሠራሩ ግን እንደየከተማው ነው። በአንዱ ከተማ ቀጠሮ በኢንተርኔት ይያዛል፤ በሌላው በኢሜይል ብቻ ነው፤ በሌላው ደግሞ ቅጽ ሞልቶ ልኮ እስኪጠሩ መጠበቅ ነው። የቀጠሮው ገጽ ሲከፈት "ለጊዜው ክፍት ቀጠሮ የለም" ይላል። ምናልባት ሰው የሰረዘው ቀን ይገኝ እንደሆነ ብሎ ሌሊት እየተነሣ የሚሞክር ብዙ ነው። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ በገንዘብ የሚሸጡ ደላሎች እስኪፈጠሩ ድረስ ተደርሷል። በነፃ መገኘት ያለበትን ቀጠሮ ችግረኛው ከኪሱ ከፍሎ ይገዛል።

ኢሜይል ሲላክ ወዲያው የሚመጣ አውቶማቲክ መልስ አለ። የእኔን ከመደጋገም ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። ማመልከቻዎ ደርሶናል ይላል፤ የሥራ ጫና ስላለ መልስ ሊዘገይ ይችላል ይላል፤ ጉዳይዎ የት እንደደረሰ ከመጠየቅ ይቆጠቡ፣ መጠየቁ ሥራውን የበለጠ ያጓትተዋል ብሎ ይጨርሳል። የሰው ስም የለበትም፣ መቼ እንደሚመለስልኝም አይነግረኝም። እኛ ግን የምንጠይቀው ጨንቆን ነው። ፈቃዱ ያለቀበትን ሰው ማሠራት ስለሚያስቀጣው አሠሪው የፈቃዳችንን ቅጂ ይዞ ቀኑን ይከታተላል፤ ጊዜው ሲቃረብ "አዲሱ የታለ?" ማለቱ አይቀርም። ባንኩም ይጠይቃል፣ ቤት አከራዩም ይጠይቃል። ሁሉም መልስ የሚፈልገው ከእኛ ነው፤ መልሱ ያለበት ቢሮ ደግሞ አትጠይቁኝ ይላል።

የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ እስኪመጣ የሚሰጠን "ፊክሲዮን" የምንለው ጊዜያዊ ወረቀት ነው። መሠረቱ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ነው። ወረቀቱ ውስጥ ምልክት የሚደረግባቸው ትናንሽ ሣጥኖች አሉ፤ የኑሯችን ነገር የሚወሰነው ምልክቱ በየትኛው ሣጥን ላይ እንዳረፈ ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ከሆነ የቀድሞው ፈቃድ እንደቀጠለ ይቆጠራል፤ መሥራትም፣ ከአገር ወጥቶ መመለስም ይቻላል። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ከሆነ እዚህ መቆየት ይፈቀዳል እንጂ ከወጡ በኋላ በዚያ ወረቀት መመለስ አይቻልም።

የማውቃት አንዲት እህት የአባቷ መርዶ የደረሳት ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ወረቀት በእጇ እያለ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ደጅ ቆመች፤ ጥበቃው ያለ ቀጠሮ መግባት አይቻልም አላት። በስልኳ የመጣውን የአባቷን ፎቶ አሳየችው። እሱም አዘነላት፣ ግን በሩን የሚከፍትበት ሥልጣን አልነበረውም። አስቸኳይ ብላ የላከችው ኢሜይልም ያው አውቶማቲክ መልስ መጣለት። አባቷ ተቀበሩ፣ ሠልስቱም ወጣ፤ እሷ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የአገር ቤቱን ለቅሶ ስትሰማ ሰነበተች። እኛም ተራ ገብተን፣ ቡና አፍልተን፣ አብረናት ተቀመጥን። ካርዷ የመጣው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። አባቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች፤ ይህን የሚክስ ገንዘብም ሆነ ይቅርታ የለም።

ካርዱም ቢሆን ውሳኔ ስላገኘ ወዲያው እጅ አይገባም። ከመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው፤ የሚታተመውም በርሊን ባለው የፌዴራሉ ማተሚያ ቤት ስለሆነ ሳምንታት ይፈጃል። የካርዱ ዕድሜ ደግሞ ከፓስፖርቱ አይበልጥም። እዚህ ላይ ነው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው። የመኖሪያ ፈቃድ ሰጪው "የታደሰ ፓስፖርት አምጣ" ይላል፤ ፓስፖርት አዳሹ "የጸና የመኖሪያ ፈቃድ አምጣ" ይላል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አይነጋገሩም፤ ደብዳቤ ተሸክሞ በመሀላቸው የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው።

ማንነት ማስረዳቱ ሌላ አሳር ነው። ጥር 5 ቀን 1982 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 1990 ነው። የድሮው የትምህርት ማስረጃ 1982 ይላል፣ ፓስፖርቱ 1990 ይላል፤ ጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሠራተኛ የሚታየው የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። በስምም እንዲሁ ነው። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመዘገባል፤ የልጃችን የቤተሰብ ስም የእኛ ስም ይሆናል፤ እናት ደግሞ በራሷ አባት ስም ትጠራለች። በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም ሲገኝ እናት ልጇን ይዛ ድንበር ላይ "የእርስዎ ልጅ መሆኑን በምን እናውቃለን?" ትባላለች። የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ሲባል፣ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው በልደቱ ጊዜ የተጻፈ ወረቀት የለውም፤ ያለው ኋላ ወጥቶ የተሰጠ ነው። ጀርመን የኢትዮጵያን ሰነድ በማኅተም ብቻ ስለማትቀበል ኤምባሲው አዲስ አበባ ላይ ጠበቃ መድቦ ያጣራል፤ ወጪው በባለጉዳዩ ነው፣ ወራትም ይወስዳል። ማጣራታቸውን አልጠላም። ግን እነሱ ሲያጣሩ በሚያልፈው ጊዜ ሌሎቹ ማስረጃዎች ያረጁና እንደገና አምጡ ይባላል። እነሱ ላቆዩት ጊዜ የምንከፍለው እኛ ነን።

ጉምሩኩም ከዚህ አይሻልም። ከአገር ቤት የተላከ ጥቅል ሲመጣ ቤት የሚደርሰው ዕቃው ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ዕቃው ለሳምንታት የት እንደነበር የሚነግረን የለም፤ ደብዳቤው ግን በዚህ ቀን ውስጥ ካልወሰዱ ይመለሳል ይላል። ቢሮው ከከተማ ወጣ ብሎ መጋዘኖች መሀል ነው፤ የሚዘጋውም እኛ ከሥራ ሳንወጣ ነው። ተራ ሲደርስ ሠራተኛው ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ያደርግና ቢላ ሰጥቶ "ይክፈቱት" ይላል። እናቴ በጨርቅ ሸፍና፣ ዳር ዳሩን በወፍራም ክር ሰፍታ የላከችውን እዚያው በሰው ፊት ተረተርሁት። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የተቆላው ቡና፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለው ንጥር ቅቤ አንድ በአንድ ወጣ።

ቅቤው ተወሰደ፤ ወተት ነክና ሥጋ ነክ ነገር ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በጥቅል መግባት አይችልም። ቋንጣም ቢሆን ያው ነው። የተቆላ ቡና በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አለበት፤ ጥሬው ይህ ግብር የለበትም። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ድረስ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ነገር ግን "ዋጋውን በምን ያስረዳሉ?" ይባላል። እናቴ ቤቷ ደልዛ፣ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ላስፈጨችው በርበሬ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ሠራተኛው ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም በርበሬውን በጥንቃቄ መልሶ ጠቀለለልኝ። እኔን ያንገበገበኝ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በሚገባን ቋንቋ የሚነግረን አለመኖሩ ነው። እናቴ ቅቤው እንደማይገባ ብታውቅ ኖሮ ባልላከችው፤ ቡናውንም በጥሬው በሰደደችው።

በውጭ ዜጎች ቢሮዎች የሠራተኛ እጥረት አለ ይባላል፤ እውነት ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉትም ሰዎች ፋይል ተከምሮባቸው ፊታቸው ላይ ድካም ይነበባል። ግን እጥረቱን ያመጣነው እኛ አይደለንም። መንግሥት ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አገልግሎቶቹን ሁሉ እስከ 2022 መጨረሻ በኢንተርኔት ለማድረግ ቀን ቆርጦ ነበር። ቀኑ መጣ፣ ሥራው ሳያልቅ አለፈ። ማንም መኖሪያ ፈቃዱን አላጣም፣ ማንም ከሥራው አልታገደም። እኛ ግን በአንድ ቀን መዘግየት ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን።

ዜግነት ልውሰድና ልገላገል የሚልም አለ። ከሰኔ 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠየቀው የቆይታ ጊዜ ከ8 ዓመት ወደ 5 ዓመት ዝቅ ብሏል፤ በጀርመን በኩል የቀድሞ ዜግነትን መተውም ቀርቷል። ይሁንና 255 ዩሮ ከፍሎ ላመለከተው ሰው በብዙ ከተሞች መልሱ ከዓመት በላይ ይወስዳል። አምስቱ ዓመት የተለካው በእኛ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አይለካም። በአገራችን በኩል ደግሞ በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ ቦሌ ላይ የሚሰለፈው ከውጭ ዜጎች ጋር ነው፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለማውጣትም ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ጥበቃ አለ።

ሕጉ መሥሪያ ቤቶቹን ፈጽሞ አልተዋቸውም ማለት ይቻላል። በአስተዳደር ፍርድ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በ3 ወር ውስጥ ያልወሰነ መሥሪያ ቤት ሊከሰስ ይችላል። ግን የሚከሰው ማነው? በሰዓት ተቀጥራ የምታጸዳ እናት ጠበቃ መቅጠሪያ ከየት ታመጣለች? ፈቃዱን የሚያድስለትን ቢሮ ፍርድ ቤት ለማቆም ስንቱ ይደፍራል? ይህን የምጽፈው ቢያንስ መብቱ መኖሩ ይታወቅ ብዬ ነው። ማመልከቻ የላካችሁበትን ማስረጃ፣ ቀኑ የሚታይበትን፣ አትጣሉ። ካሪታስ፣ ዲያኮኒና አቮን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለመጤዎች በነፃ ምክር ይሰጣሉ፤ ሳይረፍድ ሂዱ። ቋንቋው የገባው ላልገባው ደብዳቤ ያንብብለት።

ጥያቄያችን ከባድ አይደለም። ማመልከቻ ሲደርሳችሁ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ንገሩን። መዘግየቱ የእናንተ ከሆነ ፈቃዱ በራሱ ይራዘም፤ ማራዘሚያውም ያለ ቀጠሮ በፖስታ ይድረሰን። ሞትና ሕመም ለገጠመው ሰው በዚያው ቀን የሚከፈት አንድ በር ይኑር። ቀን ቆርጣችሁ ጠየቃችሁን፣ በቀኑ አቀረብን። አሁን እናንተ ቀን ቁረጡና በቀኑ መልሱልን።