በሦስት ሳምንት ሙዚቀኛ

በየመብራት እንጨቱ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በሦስት ሳምንት እናበቃለን ይላል። ምስኪኑ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኖሮ ይህ ዕድል አመለጠው። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ ደጋግማ እየወደቀች ዛፍ የምትወጣ ትል አይቶ ተመለሰ ይባላል። አሠልጣኟ ትል ናት፤ ያውም በነጻ!

የዛሬው ሥልጠና ረቋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች በታተመ ወረቀት ይታደላሉ፤ ተማሪው ይሸመድዳቸዋል። አንቺሆዬን ከባቲ በጆሮው መለየት ቢያቅተው ምን ቸገረው? ፊደላቸው ይለያያል። የምት ልምምድም አያስፈልግም። ኪቦርዱ አንዴ ከተነካ ከበሮውንም ቤዙንም ራሱ ይመታል፤ የተማሪው ድርሻ አለመረበሽ ነው። መሰንቆ ባለ አንድ ክር ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል ነው ተብሎ ይመከራል። (መሰንቆ መቺዎች ይህን እንዳይሰሙ።) የክራር ክፍያ በክሩ ብዛት ይታሰባል።

ዋጋው ፍትሐዊ ነው። የሦስት ሳምንቱ ርካሽ፣ የአንድ ሳምንቱ ወደድ ያለ፣ የሁለት ቀኑ ቪአይፒ። በዚህ ስሌት ከሁሉ የከበረው ጨርሶ የማይማረው ነው፤ እሱ የምስክር ወረቀቱን ክራር ታቅፎ ከተነሣው ፎቶ ጋር በሞተረኛ ቤቱ ይቀበላል።

ፈታኙ ግን ኋላ ቀር ሰው ነው። ወረቀቱን ሳያየው ወደ ጎን ይገፋና አንድ ምት ያጨበጭባል፤ ከዚያ «ድገመው» ይላል።

ምዝገባው እስከ ቅዳሜ ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ጆሮ አያስፈልግም።