ብርቅነሽ፦ የአንድ ስም ምንጭ፣ ፍችና ስርጭት

ብርቅነሽ የሴት ስም ነው። በሰዋስው ዓይን ሲታይ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ አለው፣ የሚያናግራት ሴት አለችው፣ የጎደለው አራት ነጥብ ብቻ ነው። «ብርቅ» እምብዛም የማይገኝ፣ ታይቶ የማይጠገብ ማለት ሲሆን «ነሽ» ደግሞ ለአንዲት ሴት ፊት ለፊት የሚነገር ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ስሟን የጠራ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ምስክርነት ይሰጣል። ብድሩን ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ከተጣራ፣ ተበዳሪዋ ብርቅ መሆኗን ሦስት ጊዜ አጽድቆ ተመልሷል።

ችግሩ የሚመጣው ባለስሟ በሌለችበት ስትነሣ ነው። «ብርቅነሽ ገበያ ሄደች» ሲባል፣ ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቃል ፊት ለፊት ቆማ ትወደሳለች፣ በሦስተኛው ቃል ግን ቤት ውስጥ የለችም። የአማርኛ ተናጋሪ ከልጅነቱ ስለለመደው ይህ አይቆረቁረውም። «ብርቅነሽ የለችም» የሚለው ንግግር ግን ከሰዋስውም ከትርጉምም አንጻር እንከን አይወጣለትም፤ ብርቅ ነገር ሲፈለግ አይገኝም።

የቃሉ ሥር ለተመራማሪ የሚመች ነው። ብ፣ ር እና ቅ የሚባሉት ሦስቱ ፊደላት በመብረቅ፣ በአብረቀረቀ፣ ሳይታሰብ በባረቀ ጠመንጃም ውስጥ ይገኛሉ፤ በግእዝም በረቀ ማለት ብልጭ አለ ማለት ነው። ዝምድና ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አይጠፋም፦ መብረቅም ብርቅም ሰውን አንጋጦ እንዲያይ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ብዙ አይቆዩም። ዕብራይስጥም መብረቅን ባራቅ ይለዋል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ባርቅ የተባለ የጦር መሪ አለ፤ ሲሣራን እንዲወጋ ሲታዘዝ ነቢይቱ ዲቦራ አብራው ካልሄደች እንደማይሄድ ተናገረ። ከመብረቅ የሚጠበቅ መልስ አልነበረም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከዚህ ቤተሰብ አይቆጠሩም፤ የእሳቸው ስም የሚጻፈው በ«ከ» ነው፣ ዝምድናውም ከበረከት ጋር ነው።

ቃሉ በዕለት ንግግር ውስጥ ያለው ጠባይ ከስሙ ጠባይ ይለያል። ስም ሲሆን ሙገሳ ነው፤ ከስምነት ሲወርድ ወደ ሽሙጥ ያዘነብላል። «ምን ብርቅ አለው?» ያለ ሰው መልስ አይጠብቅም፣ «ብርቅ ሆነባት» የተባለችም ሴት አልተመሰገነችም። ዘይትና ስኳር ከሱቅ ሲጠፉ ብርቅ ይባላሉ፤ ሆኖም ማሬ፣ ወለላና ጠጅቱ የሚባሉ ሴቶች ሞልተው ሳለ ዘይትነሽ የተባለች አልተሰማችም። ወላጆች ብርቅነትን ከእጥረት ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው፤ ነጋዴ ይህን ልዩነት የሚያየው በሌላ መንገድ ነው።

በመንግሥት ቋንቋ ደግሞ ቃሉ «ብርቅዬ» ሆኖ ለዱር እንስሳት ተሰጥቷል። ዋልያ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ቀይ ቀበሮም በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ነው። እነዚህ ብርቅዬ የተባሉት ተቆጥረው ነው። ብርቅነሽ ግን ብርቅ የተባለችው ሳትቆጠር ነው፤ ቆጠራውን ያካሄዱት ወላጆቿ ናቸው፣ የጥናቱ ወሰን አንድ ጎጆ ነው፣ ውጤቱም በዚያው ዕለት ለጎረቤት በእልልታ ተገልጿል። ፓርክ አልተከለለላትም፣ ጠባቂም አልተቀጠረላትም።

ስሙ የሚወጣበት ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወንዶች ልጆች ተከታትለው ተወልደው በመጨረሻ ሴት ስትገኝ ነው። ሁለተኛው ልጅ አጥቶ የቆየ ቤት ልጅ ሲያገኝ ነው። ያለ ምንም ምክንያት፣ አያት ስለወደዱት ብቻ የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ግን እንደ ምክንያት አይቆጠርም፣ አያትም አይጠየቁም። በዚህ ረገድ ብርቅነሽ ከምትኬና ከካሳነሽ ትለያለች፦ እነዚያ የጠፋን ሰው የሚተኩ ስሞች ሲሆኑ ብርቅነሽ የምትተካው የለም። ክርስትና የምትነሣ ከሆነ በሰማንያ ቀኗ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ ብርቅነቷ አስተያየት አትሰጥም።

በ«ነሽ» የሚያበቁ ስሞች ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። ወርቅነሽ፣ ውድነሽ፣ ሙሉነሽ፣ ጥሩነሽ ሁሉ የተሠሩት በዚሁ ስልት ነው፤ አንድ መልካም ቃል ይወሰድና በሕፃኗ ላይ ይበየናል፣ ይግባኝ የለውም። ለብርቅነሽ የቅርብ እኅቷ ድንቅነሽ ናት፤ ቋንቋው «ብርቅ ድንቅ» እያለ ሁለቱን አብሮ አሳድጓቸዋል። ከቤተሰቡ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠውም አንዲት ድንቅነሽ ናት፦ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ስትገኝ ከአፅሟ የተረፈው 40 በመቶ ያህል ነበር። ያገኟት ሰዎች በሰፈራቸው ከሚሰማው የቢትልስ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ አገሬው ግን ድንቅነሽ አላት። ሁለቱም ስሞች ሲጠሩ አቤት አላለችም። ስም አውጪዎች ስለ ልጅቱ ከሚያውቁት ነገር አንጻር ሲታይ ግን፣ በቂ ማስረጃ ተይዞ ስም የወጣላት እሷ ሳትሆን አትቀርም። ከሌሎቹ ትርጉሙን በሰዓት አስለክታ ያረጋገጠችው ጥሩነሽ ዲባባ ናት፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ አግኝታለች።

በቤተሰቡ ውስጥ ማብራሪያ የሚያሻት ብዙነሽ ናት። ብዙነሽና ብርቅነሽ በትርጉም ፊትና ጀርባ ናቸው፤ አንዷ የተትረፈረፈች፣ ሌላዋ የማትገኝ። ይህ ግን የአንድ እናት ልጆች ከመሆን አያግዳቸውም፤ ሁለቱም በየስማቸው ሲመሰገኑ ያድጋሉ፣ አንዷም ተሰደብኩ አትልም። ሕዝቡ ብዛትንም ማነስንም እኩል ያወድሳል፣ የሚፈራው መካከለኛነትን ይመስላል፤ «መጠነኛነሽ» የሚባል ስም የለም። ዝነኛዋ ድምጻዊት ብዙነሽ በቀለም ብትሆን አንድ ብቻ ነበረች።

ወደ ስርጭቱ ሲመጣ የስሙ ዋና ጠባይ ይገለጣል፦ እውነትነቱና ብዛቱ አብረው አይሄዱም። ስሙ በተወደደበት ዘመን አንድ መንደር ሁለትና ሦስት ብርቅነሽ ማፍራቱ አዲስ ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ትልቋ ብርቄና ትንሿ ብርቄ፣ ቀይዋ ብርቄና ጠይሟ ብርቄ፣ የላይ ቤቷና የታች ቤቷ ብርቄ የሚል መለያ ይወጣል። መለያው ራሱ በስሙ ላይ ይመሰክራል፤ ብርቅ ነገር ቀለምና አድራሻ አያስፈልገውም። ስም ጠሪ መምህር «ብርቅነሽ» ብሎ ሁለት ልጆች በአንድ ድምፅ «አቤት» ካሉ፣ ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ዋሽተዋል። ስሙን የምትይዘው አንዲት ሴት ብቻ ብትሆን ፍጹም እውነት በሆነ ነበር፤ ማንም ካልያዘው ደግሞ እውነትነቱ እንዳለ ሆኖ የሚነገረው ሰው ያጣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው አባባል ከተወሰደ፣ መልአኩ መዝገብ አይዝም ነበር ማለት ነው።

ዛሬ «ብርቅነሽ» ሲባል ዘወር የሚሉት ባብዛኛው አያቶች ናቸው። ስሙ ከሕፃናት አልጋ የራቀበት አንዱ ምክንያት የፋሽን ነው፤ ቦታውን ሳሮን፣ ናርዶስና ኬብሮን ወስደውታል። ሳሮን ሜዳ ነው፣ ናርዶስ የሽቶ ተክል ነው፣ ኬብሮን ከተማ ነው። ከሦስቱ አንዱም ስለ ልጅቱ የሚለው ነገር የለም፣ ስለዚህም አይሳሳቱም።

ሌላው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ ሳይቀበለው፣ ሕጉም ሳይቆጣ ስልሳ ዓመት አልፏል። በዚህ ሥርዓት ወንድ ልጅ በስሙ ሦስት ትውልድ ይኖራል፦ መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ የልጆቹ አባት፣ ከዚያ የልጅ ልጆቹ አያት ሆኖ። የሴት ስም የሚኖረው በፊተኛው ቦታ ብቻ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የተባለው ለወንድ ስም ከሆነ አባባሉ ትክክል ነው። የብርቅነሽ ልጆች በአባታቸው ይጠራሉ፣ የልጅ ልጆቿም በአያታቸው፤ እሷ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የለችም።

የተረፈላት አንድ መስመር ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናት ስም ይጻፋል። ባንኮችም ሒሳብ ሲከፈት የእናትን ስም ጠይቀው ይመዘግባሉ፣ በኋላም የደንበኛውን ማንነት ለማጣራት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ከአጥር አጥር ሲጮህ የኖረው ስም በመጨረሻ የምስጢር ቃል ሆኗል፤ ደንበኛው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ብርቅነሽ» ይላል፣ ማንም እንዳይሰማ።

ከአገር ሲወጣ ስሙ ሌላ ጠባይ ያወጣል። «ቅ» በላቲን ፊደል ቋሚ ቦታ ስለሌለው አንዴ «ክ» ሆኖ፣ አንዴ እንግዳ ፊደል ተሰጥቶት ይጻፋል፤ ያልለመደ ምላስም በ«ር» እና በ«ቅ» መካከል ትንፋሽ ያስገባል። ማቆላመጫው ብርቄ ጀርመን አገር ሲደርስ ደግሞ ከቢርከ ጋር ይገጥማል፤ ቢርከ ነጭ ቅርፊት ያለው የሰሜን አገር ዛፍ ነው፣ ሴቶችም በስሙ ይጠራሉ። ይህ ዛፍ በዚያ አካባቢ በየመንገዱ ዳር የሚታይ እንጂ ብርቅ አይደለም።

የስሙ የወንድ አቻ ብርቅነህ ነው። በትርጉምም በስልትም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በ«ህ» እና በ«ሽ» ብቻ ነው፣ ዕጣ ፈንታቸውን የለየውም ይኸው ፊደል ነው። ብርቅነህ ለሕፃናት መውጣቱ ቢቀንስም በአባትና በአያት ስም ቦታ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ሳሮን ብርቅነህ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷን ስትዘረጋ ሰነዱ መጀመሪያ ሜዳ ናት ይላል፣ ቀጥሎ አንድን ወንድ «ብርቅ ነህ» ብሎ ያመሰግናል። የአያቷን የእትዬ ብርቄን ስም ለማግኘት ባንክ መሄድ፣ ያውም የአባቷን ሒሳብ ቁጥር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።