አፈሩ ስንት ፎቅ ይሸከማል?

ለመቀሌ ከተማ የመሬት አስተዳዳሪዎች
መቀሌ

ጉዳዩ፦ አንድ ጠርሙስ አፈር እንዲጨመርልን ስለመጠየቅ

በአገራችን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ የተነሣ ሰው የአፈር ምርመራ ውጤት ሳያያይዝ ፈቃድ አያገኝም፤ ምርመራውም የዋዛ አይደለም። መሰርሰሪያው ግቢው ውስጥ ይተከላል፤ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ ቱቦው ወደ ታች ለመግባት የፈጀበት ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ናሙናው ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። አፈሩ ስንት ፎቅ እንደሚሸከም በዚህ ይታወቃል። እዚያ ፎቅ ላይ የሚያድገውን ልጅ ምን እንደሚያቀምሰው ግን ጠያቂ የለውም። ይባስ ብሎ ከላይ ያለው ግማሽ ሜትር «ሙሌት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቦታው የፋብሪካ ግቢ ከነበረ፣ የፈሰሰ ዘይትና የባትሪ እርሳስ በብዛት የሚቀሩት እዚያው ላይ ነው፤ ልጁም የሚጫወተው እዚያው ላይ ነው። ለኮንክሪት ያላችሁ ርኅራኄ ያስቀናል።

ነገሩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ ከተማችን ያለፈችበትን ላስታውስ። የመስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ግቢ ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአየር ተደብድቧል፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም በጦርነቱ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ መልሶ ግንባታው የሁሉም አፍ መክፈቻ ሆኗል። ከእነዚህ ግቢዎች የትኛው ምን እንደፈሰሰበት በግምት አልናገርም፤ ሳይለካ የሚናገር ሰው ሳይለካ ከሚያስገነባው አይሻልም። በጥቅሉ ግን የብረታ ብረት ሥራ፣ ጋራዥና የትራንስፎርመር ግቢ የተቃጠለ ዘይት፣ ቀለምና እርሳስ ትተው እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። እርሳስ ደግሞ በጊዜ ብዛት አይበሰብስም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በልጅ ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። በዚህ ላይ ከተማዋ የተቀመጠችው ስንጥቅ በበዛበት የኖራ ድንጋይና ሼል ላይ ነው። ከላይ የፈሰሰውን ዝናብ በስንጥቁ ይዞት ይወርዳል፤ ከተማዋም ከዓይናለም ጉድጓዶች የምትቀዳው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው።

«ገረጋንቲ ደልድለን እንሸፍነዋለን» የሚለው ብልሃት አይጠፋችሁም። ለመኪና ማቆሚያ፣ በደንብ ታስቦበት ከተሠራ፣ መሸፈን ራሱ ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ነው፤ ችግሩ ምን እንደሸፈኑ ሳያውቁ መሸፈን ነው። «ሲኖትራክ ጭኖ ይውሰደው» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፦ ወዴት? ሳይመረመር ከግቢ የወጣ አፈር የሌላ ሰፈር መንገድ ይሞላበታል፤ ቀሪው በበጋ አቧራ ይሆናል፣ በሐምሌ ጎርፍ ኢላላ ወንዝ ይገባል። በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ሁከር የተባለ ኩባንያ የኬሚካል ቆሻሻ የቀበረበትን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1953 ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው፤ በውሉም ላይ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገውን ቃል አሰፈረ። በላዩ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያው ሰፈር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአደጋ ጊዜ ታውጆ ነዋሪው ይነሣ ጀመር። ቦታው ላቭ ካናል ይባላል። በሊዝ ዋጋ ቢታይ እንዲህ ያለ ርካሽ መሬት የት ይገኛል?

«ቤት ያጣው ሕዝብ ይጠብቅ ማለት ነው?» ትሉኝ ይሆናል፤ ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ምርመራው ግቢውን ሁሉ አይዘጋም፤ ንጹሑን ከተበከለው ይለያል፣ ንጹሑ ላይ ግንባታው ወዲያው ይቀጥላል። ገንዘብ የለም ለሚለው ደግሞ መጀመሪያው እርምጃ ነጻ ነው፦ የፋብሪካውን የድሮ ሠራተኞችና ዘበኞች የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ እንደነበር መጠየቅ። ያልፈነዱ ተተኳሾች አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ መሰርሰሪያው ለፎቁ ሲባል መግባቱ አይቀርም፤ ከላይኛው ግማሽ ሜትርና ዘይት ይደፋባቸው ከነበሩት ቦታዎች ተጨማሪ ናሙና ማንሣት ሕንፃ አያቆምም። ከተገነባ በኋላ ግን ለማጽዳት ቀድሞ ሕንፃውን ማፍረስ ሊያስፈልግ ይችላል። «ማን ይክፈል?» ለሚለው አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። በካዩ ከሌለ ወይም ጥፋቱ የጦርነት ከሆነ ክርክሩ እውነተኛ ነው፤ እኔ ከመሬቱ የሊዝ ገቢ ድርሻ ቢመደብለት እመርጣለሁ፤ ከዚያው መሬት የሚመጣ ገንዘብ ነውና።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ መስመር ነው። የፋብሪካ ግቢ የነበረ ቦታ ካርታ ከመሰጠቱ በፊት፣ «አፈሩ የሚሸከመው» ከሚለው ሥር «አፈሩ የያዘው» የሚል ይጨመር፤ ውጤቱም ለሰፈሩ ነዋሪ ይገለጽ። ይህን ለእናንተ ብቻ አልተውም። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው። ደብዳቤውን ያነበባችሁ የመቀሌ ነዋሪዎች፣ ማመልከቻውን ለመጻፍ የእኔን ፈቃድ አትጠብቁ።