ሐኪም የበዛባት ቪትዝ

ደብረ ታቦር ውስጥ የታመመ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ የታመመ መኪና ግን ሐኪም አያጣም። የኛ ቤት ቪትዝ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እጅ እስኪደነዝዝ መሪዋን ማንቀጥቀጥ የጀመረች ጊዜ፣ ጋራዥ ከመግባቷ በፊት የመረመራት ሰው ብዛት የአንድ ቀበሌ ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላ ነበር።

ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂው «ጎማ ነው» አለ። የሱ ባጃጅ ሦስት ጎማ ብቻ ስላላት ይሆናል፣ አራተኛውን ሁልጊዜ ይጠረጥራል። ጎሚስታው ባላንስ ሠራ፤ ሂሳቡን ተቀበለ፤ መኪናዋም መንቀጥቀጧን ቀጠለች። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደግሞ «ቴስቲና ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ» አለ። እውነትም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የነገረን። አማቴ በበኩላቸው ከኋላ ወንበር ሆነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ይቺስ ዛር ነው ያለባት፤ ብረት አትነካኩባት፣ ይልቅ ቡና አፍሉላት» ሲሉ ፈረዱ። ከታዘዘው መድኃኒት ሁሉ ርካሹ የሳቸው ስለነበረ ቡናው ተፈላ። ጠጣነው።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። እሳቸው እንደ ሌላው መልስ አዘጋጅተው አልጠበቁንም፤ ጥያቄ ነበራቸው።

«እንዲያው በደህናው ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች?»

«ኧረ የለም፣ አያ።»

«ፍሬን ስትይዝ ብቻ?»

«አዎ።»

«መሪው ነው የሚመታህ ወይስ መቀመጫው?»

«መሪው።»

በዚህች ምልልስ የሰፈሩ ሐኪም ሁሉ ከሥራ ተሰናበተ። ፍሬን ሳይያዝ ፍጥነት ሲጨመር የሚመጣ ንቅጥቅጥ ብዙውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው ግን ጣቱን ፍሬኑ ላይ ይቀስራል፤ መሪውን ካራገበ የፊት ዲስክ፣ መቀመጫውን ከነቀነቀ የኋላ ታምቡር ይጠረጠራል። የላላ ቴስቲናና ያረጀ ኩሽኔታ ነገሩን ያባብሱታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ዋናዎቹ ጥፋተኞች አይደሉም።

አዛውንቱ መኪናዋን በክሪክ አነሱ፤ ጎማውን ፈትተው ዲስኩን በዳዶ መልሰው አሰሩት። ሰዓት የመሰለች መለኪያ ዲስኩ ፊት ላይ አስደገፉና በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ቀስቷ ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር። ለብዙ ቀላል መኪኖች የሚፈቀደው ውዝዋዜ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛዋ ከዚያ አልፋ ትጨፍራለች። አዛውንቱ ብረቱ ላይ ያረፈውን ሰማያዊ ጥላ በጣታቸው ጫፍ አሳዩን።

«ይሄ በሙቀት የተጎዳ ነው። ወረታ የሚመላለስባት ማነው?»

ሁላችንም ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞርን።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር፣ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አለም ሳጋን አቋርጦ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ 900 ሜትር ይወረዳል። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ተይዛ ብትወርድ፣ የሚወጣው ሙቀት ሃያ ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የአማቴ ቡና ለካ መንገድ ላይ ነበር የሚፈላው! ሰውየው ደግሞ ወረታ እንደደረሰ ፍሬኑን ረግጦ ይቆማል፤ በጋለ ዲስክ ላይ ሲቆም የፍሬን ሸራው ራሱን ያትምበታል። ቀጥሎ መኪናዋን ያሳጥባል፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ!

«ቁልቁለቱን ማርሽ ዜሮ አድርጌ የምለቃት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው» ሲል ተሟገተ። ለማደያ ሰልፍ ያለንን ፍቅር የሚያውቅ ያዝንለታል። ዳሩ ግን ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚረጩት የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ቁልቁል ሲወረድ መርጨታቸውን ያቋርጣሉ። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ቆጣቢያችን ቤንዚንም ዲስክም አብሮ ሲያቃጥል ከርሟል ማለት ነው።

የቁልቁለት ነገር ከተነሳ፣ ይኸው ከከተማችን አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዷል። ሸራ የለው፣ ዲስክ የለው፤ የሚገታው የሰው ክንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «ገመዱን እንልቀቀውና ጉልበት እንቆጥብ» ያለ አንድም ሰው መኖሩን አልሰማንም።

አዛውንቱ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብበው ለኩ። ቶርኖ ቤት ቢላጭ ከልኩ በታች ስለሚወርድ አዲስ ይገዛ፣ ያውም ግራና ቀኙ በጥንድ፣ ሸራውም አብሮ ይቀየር አሉ። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ሞዞ ከዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠረጉት፤ ከሥሩ የቀረች ዝገት አዲሱንም ዲስክ ታወዛውዘዋለችና። ዳዶዎቹን ደግሞ በተራ ሳይሆን በትይዩ እያፈራረቁ፣ በልክ አጠበቁ። ጎሚስታው ቁልፉ ላይ ቆሞ ነበር ያጠበቃቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህ ፍሬን ስትይዝ ከተንቀጠቀጠች ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መቼ እንደምትንቀጠቀጥና ምኗ እንደሚንቀጠቀጥ ለይ። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፣ ተኝተህበት አትውረድ። ለጋለ ጎማ ውሃ አታስረጭ። የመኪናህንም ቁልፍ ነዳጅ እቆጥባለሁ ለሚል ዘመድ አትስጥ።