ስምንት ሰዓት በሽምብጥ

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬን ቆሜ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ። «ገባህ?» አለኝ። ገባሁ አልኩት። ብርዱን ጠየቀኝ፣ ገና ከሕንፃው አልወጣሁም አልኩት፤ ምሳ በልቻለሁ ወይ አለኝ፣ አውሮፕላን ላይ ሰጥተውናል አልኩት። ከዚያ ወደ እናታችን ሄድን፣ ከእናታችን ወደ ቤቱ ኪራይ፣ ከኪራዩ ተመልሰን ወደ ብርዱ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስልኩን ስዘጋው ከቤት ስወጣ የሞላሁት የስድስት መቶ ብር ሒሳብ ተጠርጎ ሄዷል።

የደወለው እሱ ነው። እኔ ያነሳሁት ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ሕግ ደዋይ ይከፍላል፣ ተቀባይ ያዳምጣል የሚል ነው፤ ሚስ ኮል አድርጎ መዝጋትን ያስተማረንም ይኸው ሕግ ነው። በሮሚንግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜ የደወለው የአገር ቤት ቁጥር ላይ ስለሆነ የሚቆረጥበት የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም ያለውን መንገድ የሚከፍለው ቁጥሩን ኪሱ አድርጎ የተጓዘው ሰው ነው። ካነሳ ይከፍላል። አውሮፓውያን እርስ በርሳቸው ይህን ጣጣ ካራገፉት ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የሚዘዋወር ሰው ቤቱ እንዳለ ሆኖ ይደውላል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሲም ግን እንግዳ ነው። ይህን ከመነሳቴ በፊት ብጠይቅ የሚነግረኝ ሰው አይጠፋም ነበር። አልጠየቅሁም።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2016 ነው። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ነበር የሄድኩት። ሰው ሁሉ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ዋይፋይ ስትይዝ በኢሞ ትደውላለህ» እያለ ነው የሸኘኝ። ለአዲስ አበባ ሰው እውነት ነው። እናቴ ግን ያለችው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። የእህቴ ልጅ ስልክ፣ እማዬ «ፊቱን የሚያሳየው» የምትለው፣ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ማጫወቻ ሆኗል። የቀረው የእማዬ የራሷ ባለ በተን ስልክ ነው። ክዳኑ ጠፍቶ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ፣ አምስት ቁጥሩ በጣት ብዛት የተፋቀ። እኔ ልደርስበት የሚገባኝ ስልክ ይህ ነው፤ ዓለም በነፃ የሚያወራባቸው መንገዶች ሁሉ ደግሞ እሱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ።

የስዊድን ሲም ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። የአገሩን ሲም የያዘ ሰው ሲደወልለት አይከፍልም፤ ወንድሜን ያለ ፍርሃት ላነሳለት እችላለሁ ማለት ነው። በቅድሚያ ተከፍሎ የሚሞላውን ካርድ ኮንታንትኮርት ይሉታል። ሆቴሉ አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ትሑት ነው፤ ካርዱን ሰጠኝ፣ ክሮነር ብር ዘረጋሁ፣ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። በስንት መከራ ያገኘኋትን የባንክ ካርድ አውጥቼ ከፈልኩ። ክፍሌ ገብቼ ሲሙን ስከት አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በስዊድን አዲስ የተገዛ ኮንታንትኮርት ሳይመዘገብ አይሠራም። የአገሩ ሰው በስልኩ ባንክአይዲ በሚሉት መታወቂያ በአንድ ደቂቃ ይመዘገባል። ባንክአይዲ ለማውጣት የስዊድን ባንክ ያስፈልጋል፣ ለባንኩ ደግሞ ፐሾንኑመር የሚሉት የግል መለያ ቁጥር። ለሦስት ሳምንት የመጣ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ ፓስፖርቱን ይዞ የሚመዘግበው ሱቅ መፈለግ አለበት። ወደ ትንሿ ሱቅ ተመለስኩ። ፓስፖርት የሚያነበው መሣሪያ ተበላሽቷል አለኝ ልጁ። በማግስቱ ከሥልጠናው በኋላ ሌላ ሱቅ፣ ወረፋ፣ ፓስፖርት፣ ፊርማ። ሁለት ቀን ሙሉ እናቴ ልጇ በሰላም መግባቱን የሰማችው ከወንድሜ አፍ ነው። ለእሷ ይህ አይበቃም። ድምፅ ካልሰማች አታምንም፤ ታሞ ይሆናል፣ ደብቀውኝ ነው ትላለች።

ሲሙ እንደሠራ ወደ 251 በቀጥታ ደወልኩ። እማዬ አላነሳችም። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ የእህቴ ልጅ አነሳች፤ እማዬን እስክትጠራት፣ እማዬ እጇን አድርቃ እስክትመጣ፣ «ማነው?» እስክትል፣ ስድስት ደቂቃ ሄደ። ከሞላሁት ግማሹ አብሮ ሄደ። አንድ ቁም ነገር አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው ቴንስታ ሂድ አለኝ። ከቴ ሴንትራለን የባቡር ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ነው የሚኬደው፤ ጣቢያው ራሱ በነጭ ዋሻ ግድግዳ ላይ በተሳለ ሰማያዊ ሐረግ ተሸፍኗል። ባቡሩ ሪንከቢን አልፎ ቴንስታ ሲያወርደኝ ዙሪያዬን ሶማሊኛ፣ ዓረብኛ፣ ትግርኛ ይሰማኛል። በርበሬና ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄትና የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ አገኘሁ። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፉ፣ ነጠላ በትከሻቸው ጣል ያደረጉ እናት ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ካርድ ከመስጠታቸው በፊት ወንበር ሰጡኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ካርዱ ቀላል ነው። እናትህ ስንት ሰዓት ላይ ስልኩን ይዛ እንደምትቀመጥ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

«እንግዲያው ገንዘብህ የሚያልቀው በመጥራት ነው፤ ለወሬው አይተርፍህም።»

እሳቸው ስዊድን የገቡት በደርግ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አገር ቤት ለመደወል ኦፕሬተር ተጠይቆ፣ ተራ ተይዞ፣ ዋጋው ከቀን ደመወዝ ጋር የሚወዳደር ነበር። ስለዚህ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ ነበር። የካሴቱን አንድ ገጽ እሳቸው ይሞሉታል፣ ሁለተኛውን ባዶ ይተዉታል፤ እናታቸው በባዶው ላይ መልሰው ይልካሉ። «አንድ ጊዜ» አሉኝ፣ «እናቴ የላከችውን ስከፍት ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ሙቀጫ ይሰማል። መቅጃው መከፈቱን አላወቀችም፣ ሥራዋን እየሠራች ነው። ያንን ነው ደጋግሜ ያዳመጥኩት።» ይህን ሲሉ ሽሮውን በእጃቸው መዝነው በፌስታል እያሰሩ ነበር።

የፋቅኩት ካርድ አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ የስዊድን ቁጥር ይደወላል፤ በአገር ውስጥ ጥቅል ውስጥ ስለሚገባ ከሲሙ ምንም አይነካም። ከዚያ የተፋቀው የምሥጢር ቁጥር፣ ከዚያ 251 እና የእማዬ ቁጥር። ድምፄ ባሕሩን የሚሻገረው በጅምላ በተገዛ ርካሽ መንገድ ነው። በነፃ የማይሆንበት ምክንያት አንድ ነው፤ የመጨረሻዋን እርምጃ፣ ከአገራችን መግቢያ እስከ እማዬ ባለ በተን ስልክ ያለችውን፣ የሚያስከፍለው የተቀባዩ አገር መስመር ነው። ያቺን ክፍያ ማንም ብልህ ኩባንያ ሊዘላት አይችልም። ሰው በኢሞና በቴሌግራም በነፃ የሚያወራው ያቺን በር ስለማይነካ ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ከበሩ ሌላ መግቢያ የለም።

ስቶክሆልም የስልክን ውድነት ቀድማ የታገለች ከተማ መሆኗን ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የቤል ኩባንያ እዚህ ስልክ ሲያስገባ ዋጋው የሀብታም ነበር። ሄንሪክ ቶሬ ሴደርግረን የሚባል መሐንዲስ ይህ ለከተማው ሰው አይሆንም ብሎ በ1883 የራሱን የስልክ ማኅበር አቋቋመ፤ ቀፎውን የሚሠራለት ላርስ ማግኑስ ኤሪክሰን ነበር። ዋጋው ወረደ፣ ስልኩ በዛ፤ በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ ስቶክሆልም ብዙ ስልክ ካላቸው የዓለም ከተሞች ግንባር ቀደም ሆነች። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ሽቦ ስለነበረው በ1887 ከማእከሉ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ትልቅ የብረት ማማ ተከሉ፤ ከአምስት ሺህ በላይ ሽቦ በሰማይ ላይ ከዚያ ይወጣ ነበር። በአሮጌ ፎቶግራፍ አይቼዋለሁ። ከማማው የሚዘረጋው ሽቦ ሸማኔ ድር የዘረጋ ይመስላል፣ ከሥሩ ሰዎች ባርኔጣቸውን አድርገው ይሄዳሉ። ሽቦው ሁሉ በ1913 ወደ መሬት ውስጥ ወረደ፤ ማማው ግን እስከ 1952 ቆሞ ተቃጠለ፣ በማግስቱ ዓመት ፈረሰ።

የዚያ ፍላጎት ልጆች በኋላም ተወልደዋል። ስካይፕን እ.ኤ.አ. በ2003 ከዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ጋር ያቋቋመው ኒክላስ ሴንስትሩም ስዊድናዊ ነው። እኛ አገር ያልታወቀ ቁጥር ሲደወልልን ባለቤቱን የምንፈልግበት ትሩኮለር በ2009 የተወለደው እዚሁ ነው። ዳያስፖራው አገር ቤት የሚደውልበት ሬብቴልም በ2006 ስቶክሆልም ውስጥ ተመሠረተ፤ ደዋዩ የአገር ውስጥ ቁጥር ይመታል፣ ድምፁ ድንበሩን በኢንተርኔት ያልፋል፣ መጨረሻው ላይ በተራ ስልክ ይጮሃል። የኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ሺስታ ደግሞ ከቴንስታ ብዙ አይርቅም። እኔ ሽሮና የስልክ ካርድ በፌስታል አንጠልጥዬ በዚያ ሰፈር ስመለስ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

በሱቋ እናት ምክር መሠረት መጀመሪያ ለወንድሜ በቴሌግራም ደወልኩ፤ አዲስ አበባ ኢንተርኔት አለ። እሱ በአገር ውስጥ ዋጋ ለእማዬ ደውሎ ሦስት ነገር አስጠናት። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን ይዘሽ ቁጭ በዪ። በካርድ ስለሚደወል የማታውቂው ቁጥር ነው የሚወጣው። ሁለት ጊዜ ጮኾ ከተቋረጠ ልጅሽ ነው፣ ተከትሎ የሚመጣውን አንሺ። ያ ጊዜ ሰው የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳበት ጊዜ ነበር፤ እማዬም አታነሳም። ተማሪ ሳለን ለሳንቲም ብለን የፈጠርነው የሚስ ኮል ቋንቋ እንዲህ ለሌላ ጉዳይ አገለገለን።

የመጀመሪያው እሑድ ሠራ። በስቶክሆልም ሰዓት አንድ ላይ ደወልኩ፤ በእነሱ ስምንት ሰዓት ነው። ሃያ ሁለት ደቂቃ አወራን። ስለ ጎረቤት ለቅሶ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጣናው ነፋስ። የካርዱ ሴትዮ ድምፅ ሊያልቅ ነው እስክትል ድረስ አልቸኮልንም።

ሁለተኛው እሑድ ጥቅምት 18 ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 29። ሰዓቴን አየሁ፣ አንድ ሰዓት። ሁለት ጊዜ አስጮህኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም። በአራተኛው ትንፋሿ እየተቆራረጠ አነሳችው።

«ልጄ! ምን ሆንክብኝ?»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ።»

«ስምንት ሰዓት አልነበር ያልነው? ዘጠኝ ሆኗል እኮ! ይኸው ከበሩ ላይ ቆሜ…»

ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ከግቢው በር አጠገብ፣ ከማንጎው ሥር ነው። እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ኖሯል። ቡናው ተፈልቶ ቀዝቅዟል። ከዚያ ልጄ አንድ ነገር ሆኗል ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን ስትፈልግ ነው የእኔ ሁለት ጩኸት የደረሰው።

በዚያች ሌሊት አውሮፓ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሷል። በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይመለሳል፤ ስልኬም ሳይጠይቀኝ ራሱን አስተካክሏል። በሁለታችን መካከል የነበረው የአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት ሆኗል። የታሪፍ ወረቀት ሁሉ አንብቤ፣ የደቂቃ ዋጋ ሁሉ አወዳድሬ፣ ይህችን አንድ ሰዓት አላየኋትም። ከፋዩዋ እናቴ ሆነች፣ ቆማ።

«እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት እማዬ» አልኳት።

ዝም አለች። «ሰዓት ይመለሳል እንዴ?» አለችኝ ቆይታ። ከዚያ «በል ይሁን፣ ደህና ከሆንክስ። በላህ?»

በማግስቱ ከወንድሜ የተዋስኳትን የእጅ ሰዓት ከሻንጣ አወጣሁ። ስልክ ራሱን ይለዋውጣል፤ የእጅ ሰዓት ግን ያስቀመጡት ቦታ ይቆያል። በእኛ አቆጣጠር፣ በሽምብጥ ሰዓት ሞላኋት። በሦስተኛው እሑድ፣ ከመመለሴ በፊት ባለው፣ ክፍሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የግድግዳው ሰዓት እኩለ ቀን ሲል የእጄን አየሁ። ስምንት። የምሥጢር ቁጥሩን መታሁ፣ 251 መታሁ፣ ሁለት ጊዜ ላስጮህ ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያው ጩኸት ሳያልቅ አነሳችው። ከኋላዋ የማንጎው ቅጠል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር።