ከጁባ የጠፋችው አንድ ሰዓት

ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ላይ ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር ስትቆጥር ኖራ ከካርቱም ጋር መቁጠር ጀመረች። በዚያች ሌሊት ጁባ ያደረ ሁሉ፣ ሚኒስትሩም፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂውም፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ አጠገብ ፀጉር ቤት ሊከፍት የተነሣው ሐበሻም፣ አንድ አንድ ሰዓት በነፃ ታደሉ። ፀጉር ቤቱ ግን እስካሁን አልተከፈተም። ሰዓቷ የት ገባች? ይህ ጥናት የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

መረጃው የተሰበሰበው ጀበና ዙሪያ ነው። ናሙናው ከአቦል እስከ በረካ ያሉትን ይሸፍናል። ከቶና በኋላ የተነሡ ሰዎች ከጥናቱ ተገልለዋል፤ ሥራ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋልና።

የመጀመሪያው ግኝት የቀጠሮን ጉዳይ ይመለከታል። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጁባ ላይ ሦስት ፍቺ አለው። ልቡ አገር ቤት የቀረው በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ይመጣል፤ ይህ በጁባ ሁለት ሰዓት ነው። ጁባን የለመደው በጁባ ሦስት ሰዓት ይደርሳል። ስልኩን አይቶ የሚኖረው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ብቅ ይላል። ሦስቱንም ላለማጣት የወሰነ ጠንቃቃ ነጋዴ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ዘጠኝ ሰባት ሰዓት ሙሉ ይቀመጣል። በእርግጥ ለውጡ ሐበሻን የጠቀመበት መንገድ አለ፤ ዛሬ ጁባ ላይ ጀንበር የምትወጣው ልክ እንደ አገር ቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ይህን ያስተዋለ ግን አልተገኘም። ሰው ሁሉ ቀጠሮ ላይ ነው።

ሁለተኛው ግኝት የውጭ አገር ቀዳሚ አለው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ምናባዊ ኮሚቴ ፈጥሮ ነበር። ኮሚቴው 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ የአቶም ማብላያ በሁለት ደቂቃ ተኩል ያጸድቃል፤ ስለ ብስክሌት መጠለያ 45 ደቂቃ ይነታረካል፤ ለስብሰባ ስለሚቀርበው ቡና ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ማብላያውን የሚያውቅ የለም፤ ቡናን የማያውቅ የለም። ሰውዬው ሳያውቀው የሐበሻን ኮሚቴ ገልጿል።

በፀጉር ቤቱ ጉባኤ የማብላያው ቦታ የጄኔሬተሩ ነበር። «ይገኛል» ተብሎ ታለፈ። ውሃም እንዲሁ፤ ጁባ ውስጥ ውሃ በቦቴ ከሚያመላልሱት ብዙዎቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ናቸውና «የራሳችን ልጆች ናቸው፣ ያመጣሉ» ተባለ። ከዚያ ወደ ስሙ ተገባ። «ሳባ» ይሁን ወይስ «ላሊበላ»? ባለ ሁለት ወንበሩ ቤት «ኢንተርናሽናል» ይባል ወይስ «ግሎባል»? ቀጥሎ ታፔላው መጣ። የመንግሥቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ የገበያው የጁባ ዓረብኛ፣ የባለቤቱ አማርኛ፤ የቱ ከላይ ይጻፍ? ክርክሩ ስለ ቋንቋዎች እኩልነት ወደሚል ርእስ አድጎ ሳምንት ወሰደ። ታፔላው ሲሰቀል የጎረቤት ፀጉር ቤት ቬንትሌተር እየዞረ ነበር፤ መንገደኛው ፀጉሩን ሊቆረጥ የገባው እዚያ ነው። ማንበብ ስለማይችል አይደለም፤ ስለሞቀው ነው።

ሰዓት ስለሚበላው ስለ ዶላርም ጥቂት መባል አለበት። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በይፋ 2.96 በዶላር ተቸንክሮ ኖረ። ታኅሣሥ 5 ቀን ተለቀቀና ወዲያው 18.5 ገደማ ገባ። በዚያ ሳምንት የዋጋ ዝርዝሩን በላሚኔት አስለብጦ የሰቀለ ነጋዴ ከነበረ ለሙዚየም ቅርስ አበርክቷል። ከዚያ ወዲህ የጁባ ነጋዴ ማለዳ ከእግዜር ሰላምታ አስቀድሞ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይላል። መልሱ ተሰምቶ፣ ተተንትኖ፣ የትላንቱ ከዛሬው ተነጻጽሮ ሲያበቃ ናፍጣው ያው ይገዛል። ዶላር የሌለው ሰው ከባለ ዶላሩ ይልቅ አብዝቶ እንደሚከታተል ጥናቱ መዝግቧል።

የመመሪያ ወሬም ሰዓቷን በመብላት ድርሻ አለው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የሥራ ሚኒስቴር ሆቴሎችና ባንኮች ጭምር የውጭ ዜጎችን አሰናብተው በአገሬው ሰው እንዲተኩ አዘዘ፤ በቀናት ውስጥ አለሳለሰው። በ2009 ዓ.ም. ለውጭ አገር ባለሙያ የሥራ ፈቃድ 10 ሺህ ዶላር ይሁን ተባለ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ታገደ። በሁለቱም ጊዜ ሻንጣ ተሸክፎ ተፈትቷል፤ ለመሸከፉ ስብሰባ ነበረ፣ ለመፍታቱም ስብሰባ ነበረ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተማዋ የተኩስ ቀጠና ስትሆን ግን የሸሸ ሰው ጊዜውን አላባከነም። ጥናቱ በዚህ ላይ አይቀልድም።

የቀረው «ቡክራ» ነው። መዛግብተ ቃላት ነገ ማለት ነው ይላሉ። ሐበሻ ከጁባ ዓረብኛ ፈጥኖ የሚለምደው ይህን ቃል ነው፤ ከባለአገሩ ይልቅም አብዝቶ ይጠቀምበታል። ቀለሙ ቡክራ፣ ወንበሩ ቡክራ። «ማፊ»፣ ማለትም «የለም»፣ የሚለውን ቃል ግን አይወድም።

ጥናት ያለ ማነጻጸሪያ አይሆንምና አንዲት ሴት ተገኘች። ሥራዋን የጀመረችው ዛፍ ሥር ጀበና፣ ስኒና አራት በርጩማ ይዛ በመጣችበት ቀን ነው። ስም የላትም፣ ታፔላ የላትም፣ ዋጋ በላሚኔት አልሰቀለችም። ናሙናው በሙሉ የሚሰበሰበው እሷው ዘንድ በመሆኑ ሰዓቷ የገባችበትን ማግኘት አላስቸገረም፤ በስኒ ተቀድታ እየተሸጠች ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከበረካ በኋላ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «ሂሳቡ ቡክራ» አላት።

እሷም ስኒውን እያለቀለቀች «ማፊ ቡክራ፣ ወንድሜ» አለችው።