«ቫይረስ በልቶት ነው»

አንድ ፋይል አልከፈት ሲል በእኛ አገር ምርመራ የሚባል ነገር የለም፤ ፍርዱ ቀድሞ አልቋል። «ቫይረስ በልቶት ነው!» ደጎሎ ላይ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ይህን ይላል፤ መካነ ሰላም ላይ ማመልከቻ የምትተይበዋ ልጅ ይህን ትላለች፤ አዲስ አበባ ላይ ክራቫት ያሰረው ባለሙያ ደግሞ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ማውሱን ሁለት ሦስቴ ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ ያንኑ ይላል። ባለጉዳዩም አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል። ከቫይረስ ጋር ማን ይሟገታል? ቫይረስ ተጠርቶ አይጠየቅም፣ ደመወዝ አይቆረጥበትም፣ ዘመድ አዝማድ አሰልፎ «ስሜ ጠፋ» አይልም። እንዲህ ያለ የተመቸ ጥፋተኛ ከየትም አይገኝም። እኔን የሚከነክነኝ ያልሠራው ሁሉ በስሙ መመዝገቡ ነው። ስንቱ ፋይል በጥድፊያ ሞቷል! ኮምፒውተሩ ሦስት አራት ሥራ ባንዴ ታዝዞ፣ አንዱንም ሳይጨርስ ገመዱ ተነቅሎበት።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የገበያ ቀን ነው፤ የጃማ ገጠር ሁሉ ደጎሎ ገብቷል፤ ሙዚቃ ቤቷ ጢም ብላለች። ኮምፒውተሩ አንድ ነው። ከፊቱ ሁለት ሚሞሪ፣ ከኋላው ሁለት ፍላሽ ተሰክቶበታል፤ ወደ አንዱ መንዙማ፣ ወደ ሌላው መዝሙር፣ ወደ ሦስተኛው አምባሰል፣ ወደ አራተኛው የሕንድ ፊልም ይገለበጣል። ከዚያው ዲስክ ላይ የሚነሣ ዘፈን በር ላይ ባለው ስፒከር ይጮኻል። በዚህ መሐል አንዱ አንገቱን አስግጎ «እስቲ ይቺን መታወቂያ ኮፒ አርግልኝ» ይላል። አረንጓዴዎቹ መስመሮች እየተጎተቱ ናቸው። ባለፍላሹ መኪና ሊያመልጠው ነው፤ «አልደረሰም እንዴ?» ይላል፤ መስመሩ ጫፍ የነካ ሲመስል ልጁ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በዳሰሳ አንዱን ፍላሽ ይነቅላል። የትኛውን እንደነቀለ እንኳ የሚያውቀው ካየው በኋላ ነው። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ሲሰካው ፋይሉ ስሙ አለ፣ ሆዱ ባዶ ነው፤ አንዳንዴም ስሙ ራሱ በሣጥንና በጥያቄ ምልክት ተተክቷል። ምን ሆኖ ነው? ቫይረስ በልቶት ነዋ!

ይህ አሟሟት ከባለፍላሹ በዕድሜ ይበልጣል። እነዚህ ፍላሾችና ሚሞሪዎች በአብዛኛው ፋይል የሚመዘግቡበት ዘዴ ፋት ይባላል፤ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ማርክ ማክዶናልድ የሚባል ሰው ማይክሮሶፍት ውስጥ የሠራው ነው፤ ያኔ የታሰበውም ለፍሎፒ ነበር። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ በ1983 የመጣው ኤክስቲ ግን 10 ሜጋባይት ይዞ ብቅ አለ፤ በዛሬው የደጎሎ ሒሳብ ሁለት ዘፈን፣ ቢበዛ ሦስት። ዘዴው የእድር መዝገብ ማለት ነው። ዲስኩ በትንንሽ ጓዳ ይከፋፈላል፤ አንድ ፋይል በየጓዳው ይቀመጣል፤ የትኛው ጓዳ ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚያውቀው አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ገንዘብህን ከፍለህ ጸሐፊው ሳይመዘግብህ ቢነሣ፣ «ከፍያለሁ» ብትል ማን ይሰማሃል? ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ አለ፤ አንተ ግን መዝገብ ላይ የለህም። የያኔው ፒሲ የሚመራበት ሥርዓት፣ ዶስ፣ ጽሑፉን ጓዳ ውስጥ ያስገባና የፋይሉን መጠን ማውጫው ላይ የሚያሰፍረው ፋይሉ ሲዘጋ ነበር። ከዚያ በፊት መብራት ከሄደ ስሙ ይቀራል፣ መጠኑ ዜሮ ይሆናል፣ ጽሑፉም ባለቤት አልባ ሆኖ ዲስኩ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። (ለክፉ ቀን ተብሎ ሠንጠረዡ በሁለት ቅጂ ይያዝ ነበር፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።)

የባሰው የመጣው ሰዉን አንድ ሥራ አልበቃ ሲለው ነው። ዶስ የተበጀው አንድ ጊዜ አንድ ሥራ እንዲሠራ ነበር። በ1984 ቦርላንድ ሳይድኪክ የሚባል ፕሮግራም አወጣ፤ ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ሁለት ቁልፍ ሲጫኑ ማስታወሻና ካልኩሌተር ይዞ ከች ይላል። በ1985 ብዙ ፕሮግራም ባንዴ የሚያስኬደው ዴስክቪው መጣ፣ በ1990 ዊንዶውስ 3.0። ከሥር ያለው ዶስ ግን ያው ዶስ ነው፤ አንዱን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌላ መቀበል አይሆንለትም። «ሥራ ላይ ነኝ» የምትል አንዲት ምልክት ነበረችው፤ ጨዋ ፕሮግራም እሷን አይቶ ይጠብቃል፤ ባለጌው ዘው ብሎ ይገባል፤ ሠንጠረዡም ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ፕሮግራም አንድ ፋይል ላይ እንዳይረባረብ ከዶስ 3.0 ጋር ሼር የሚባል ጠባቂ ተሰጥቶ ነበር፤ ግን ጠባቂውን ባለቤቱ ራሱ መጥራት አለበት፤ ለፕሮግራም የተተወችውን ያቺን 640 ኪሎባይት ቦታም ይሻማል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ተወው። ከሁሉ የሚያስቀው ሕክምናው ነው። ቼክዲስክ የሚባለው አራሚ ዊንዶውስ ክፍት እያለ «አስተካክል» ከተባለ፣ ገና በመጻፍ ላይ ያሉትን ፋይሎች ጌታ የሌላቸው ቁርጥራጮች ናቸው ብሎ ይሰበስባቸዋል፤ ጤነኛ የነበረው ዲስክ ታክሞ ይሞታል። በኋለኞቹ እትሞች ራሱ እምቢ ማለትን ተማረ። የዘመኑ ምክር እንግዲህ ይኸው ነበር፦ ከዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ውጣና መርምር፤ የዲስኳ መብራት መብለጭለጭ ሳታቆም ማጥፊያውን አትንካ። እኛ ደግሞ ዕዳችን ድርብ ነው። በዊንዶውስ ዘመን አማርኛ ለመጻፍ ብቻ ሁለት ፕሮግራም ይነሣ ነበር፤ ወርድ ባንድ በኩል፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የተመታውን ቁልፍ ሁሉ ወደ ፊደል የሚለውጠው ፓወር ግዕዝ በሌላ በኩል። ፈረንጁ ደብዳቤ ሲጽፍ አንድ ሥራ፣ የእኛዋ ጸሐፊ «ጉዳዩ፦» ብላ ስትጀምር ሁለት።

«ታዲያ ቫይረስ ውሸት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ አይደለም። ብሬይን በ1986 ከላሆር፣ ፓኪስታን ተነሥቶ በፍሎፒ ዓለምን ዞሯል፤ ሲአይኤች ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ሲነቃ የስንቱን ሃርድ ዲስክ መጀመሪያ ደምስሷል፤ በአንዳንዱ ማሽን ላይማ ማስነሻውን ጭምር። እነዚህ ቢከሰሱ አልከራከርም። በየሙዚቃ ቤቱ ስሙ ገንኖ የሚታወቀው ግን ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ እሱ ደግሞ በላተኛ አይደለም፤ ደባቂ ነው። ፎልደሮቹን ይሰውርና በቦታቸው ማሳሳቻ ይተክላል፤ አትሪብ የምትባለዋን ትእዛዝ በቃሉ የያዘ ልጅ በደቂቃ ያወጣቸዋል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በሽታም ሞትም የለበትም። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቆርጦ ቀጥል ይሆናል፤ የእኛ ፊደላት ተቀምጠው የነበሩት በፈረንጁ ፊደላት ወንበር ላይ ነበርና። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የራሳችንን ወንበር ሰጠን፤ የድሮው ሰነድ ግን እስከዛሬ በየመዝገብ ቤቱ አለ። እሱንም ሲከፍቱት «ውይ፣ ቫይረስ!» ይባላል። የተሰወረ፣ የተበላሸና ፊደል ያጣ፣ ሦስቱም በአንድ ስም ይቀበራሉ።

ጥንቃቄ አናውቅም እንዳይባል፣ የምንጠነቀቅበት ነገርስ! የኮምፒውተር ክፍል በር ላይ ጫማ የማውለቅን ሥርዓት የማያውቅ የዚህ አገር ተማሪ አለ? ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ካልሲ ይገለጣል፤ የተቀደደ ካልሲ ያለው ያን ቀን ኮምፒውተር አይማርም። ሞኒተሩ ዳንቴል ለብሷል፤ ሲፒዩው የተሰፋለት ልብስ አለው፤ ኪቦርዱ ሳይቀር ፕላስቲክ ገብቷል። ይህ ሁሉ ሃርድ ዲስኩን ከአቧራ ለማዳን ነው ይባላል። ሃርድ ዲስክ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የታሸገ ነው፤ ለአየር የተተወችለት ቀዳዳም ማጣሪያ አላት፤ የተማሪ ጫማ ወደዚያ የሚገባበት መንገድ የለም። ልክ ነው፣ አቧራ ፍሎፒ ማንበቢያን ያውካል፣ ማራገቢያንም ያፍናል። የጃማን ክረምት ለሚያውቅማ ጫማ ማስወለቁ ሌላም ምክንያት አለው፤ ያ ጥቁር ዋልካ አንዴ ሶል ላይ ከተለጠፈ ባለቤቱን ሁለት ጣት ያስረዝመዋል፤ ክፍል ውስጥ ከገባ ደግሞ ለመጥረግ ዶማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደጎሎ ላይ ጫማ ቢወልቅ ለወለሉ ነው እንበልና እንለፈው። ዳንቴሉ ግን? ማሽኑ እየሠራ የሙቀት መውጫው ላይ የተጣለ ዳንቴል ከአቧራው በላይ ይጎዳል። ልብሱስ? ጠዋት ጠዋት በሥነ ሥርዓት ይገፈፋል፣ ይራገፋል፣ በአራት ይታጠፋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ማታ ይህ ሁሉ ተገልብጦ ይደገማል። ግን አስተውሉ፦ ልብሱን ለማልበስ የሚቸኩለው እጅ ማሽኑ እስኪጠፋ አይጠብቅም፤ ከግድግዳው ላይ መሰኪያውን ነቅሎ ከዚያ ያለብሰዋል። ከአቧራ ያዳነውን በገመድ ገደለው፤ ከፈንም አልነፈገውም።

«መብራቱስ?» የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። በደጋው ክረምት መብረቁ ሲያጉረመርም መብራት እንደ ልቡ ሄዶ ይመጣል። ግን መብራት የሚያጋልጠው ያልተጻፈውን ነው፤ ተጽፎ የተዘጋ ፋይል መብራት በመሄዱ አይሞትም። ጥፋቱ ያለው ማሽኑ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ሲል ነው። ማይክሮሶፍት በማርች 1993 ባወጣው ዶስ 6.0 ውስጥ ስማርት ድራይቭ የሚባለው አፋጣኝ የሚጻፈውን ነገር ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ያቆይ ነበር፤ ሰውየው ስክሪኑ ላይ ሥራ ማለቁን የሚያበሥረው ምልክት ተመልሶለት፣ ተነፈስ ብሎ ማጥፊያውን ይጫናል፤ ጽሑፉ ገና መንገድ ላይ ነው። ጩኸት ሲበዛ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ6.2 አረሙት። ከዚያ ደግሞ የዊንዶውስ 95 የኋለኛው እትም መጣና ድንገት ከጠፋ በኋላ ሲነሣ ተቆጪ ሆነ፦ በአግባቡ አላጠፋኸኝም፣ ዲስክህ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ። ማን ነው ያላጠፋው? መብራቱ በሄደ ጊዜ ጸሐፊዋ እጇ ኪቦርዱ ላይ ነበር! ነገሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ተግሣጹን እጥፍ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቃለ ጉባኤው ጠፋ ሲባል ቀድማ የምትጠራው እሷ ናት፤ «ምን ነካክተሽ ነው?» የሚባለው ለሷ ነው። መብራት ሲሄድ ፋይል የሚዘጋበት አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ዩፒኤስ ግን የት ነው? ኃላፊው ቢሮ ነው። ካርታ ከመጫወት በቀር ሌላ ፋይል ተከፍቶበት የማያውቀው ኮምፒውተር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ባትሪው ከሞተ ዘመን ያለፈው፣ ጲጲጲ እያለ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፈዋ ሴት በባዶ ሶኬት ትሠራለች፤ ሲጠፋም ጥፋቱ የሷ፣ ደግ ቀን ከሆነላት የቫይረስ። ይህ ስንፍና እንኳ አይደለም፤ ንቀት ነው። እንዲህ ባለ ቢሮ ቫይረስ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ በጨረታ ይገዛ ነበር።

በርግጥ ዘመኑ ተሻሽሏል፤ ይህንንም መካድ አይገባም። በዚያው በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው አመዘጋገብ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ ተመልሶ ያስተካክላል፤ የዛሬ ኮምፒውተር ዋና ዲስክ በአብዛኛው በሱ ነው የሚሠራው። ፍላሿና ሚሞሪዋ ግን በአብዛኛው በ1996 በመጣው ፋት 32 ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ስልኩም፣ የመኪናው ቴፕም፣ የጂፓሱ ስፒከርም ሁሉ የሚያነብላቸው እሱን ነውና። ስለዚህ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ችግር ከነመድኃኒቱ የ1985 ነው፦ አንዱን ጨርስ፣ «ኢጀክት» በል፣ ከዚያ ንቀል። ይህን ለልጁ ብትነግሩት ይስማማል፤ ግን ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል፤ መኪናውም ጥሩንባ እየነፋ ነው፤ በዚህ ሰዓት ኢጀክት የሚለውን የሚጠብቅ ነጋዴ ቢኖር ወረፋው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይዞራል። ለሱ ምን መልስ እንዳለኝ እንጃ።

ከሱ ይልቅ የሚገርመኝ ሪፍሬሽ ነው። ያ ሁሉ የቸኮለ ልጅ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ለሪፍሬሽ ጊዜ አያጣም፤ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፤ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፤ የስክሪኑ ምልክቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ማሽኑ «ነቃ» ይባላል። ሪፍሬሽ ምልክቶቹን እንደገና ከመሣል በቀር ዲስኩን የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ፍጥነት አይጨምርም፣ ቫይረስ አያባርርም። ሆኖም ሪፍሬሽ እያደረገ ያለ እጅ በዚያች ሰዓት ፍላሽ አይነቅልም። አሥር ሰከንድ ሪፍሬሽ አሥር ሰከንድ መጠበቅ ነው፤ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ነገር ተጽፎ ያልቃል። እንግዲህ ሪፍሬሹ ከመክፈቻው ወደ መዝጊያው ቢዛወር፣ ማለት ፍላሽ ከመነቀሉ በፊት ግዴታ ቢሆን፣ ኢጀክት ያልሠራውን ሊሠራ ይችላል። ስንት ጊዜ ይሁን የሚለው ነው የሚያከራክረው፤ ሦስቴ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አምስቴ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚሉም አሉ፤ ኤፍ 5ን ተጭነው ይዘው ቁጥሩን ለማሽኑ የሚተዉም አይታጡም።